የማይሸጠው ቤትና የበሩ ምሰሶ

ካለፈው ጥር ወዲህ ቤት አላስጎበኝም። ጉልበቴ የንፋስ መውጫን ዳገት እምቢ ስላለ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ሰዎች ግን አሁንም ይደውላሉ። «ጋሼ፣ ቤቱ ለሽያጭ ከወጣ ሁለት ክረምት አለፈው። ቀለም እንቀባው? አጥሩን እናድሰው? ምን ብናደርገው ይሻላል?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ሊያዩት የመጡት ሰዎች ከበሩ ከወጡ በኋላ መንገድ ላይ ምን ተባባሉ?»

አብዛኞቹ አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ አንድ ሰውና አንድ ቤት ናቸው። ጉልበቴ ቢከዳኝም ትዝታዬ ገና ደህና ስለሆነ የሁለቱን ነገር ልጽፍ ተቀምጫለሁ።

ደላላ የሆንኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የወረዳ ዜና ዘጋቢ ነበርኩ። የመጀመሪያ ምድቤ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ነበር። መንገዱ በክረምት ሲቆረጥ የጻፍኩት ዜና ደብረ ታቦር የሚደርሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። የወገዳው አለቃዬ ፊደሌንም አሰካኬንም አይነኩም፤ በየዓረፍተ ነገሩ ጎን ግን በቀይ እስክሪፕቶ «ማን አለ?» ብለው ይጽፉና ይመልሱልኛል። «ገበሬው ተደስቷል» ብዬ ከጻፍኩ «ማን አለ?» ይላሉ፤ ተመልሼ ሄጄ ገበሬውን ካልጠየቅሁ ዜናው አያልፍም። ከዚያ ወደ እስቴ ተዛወርኩ። የእስቴው አለቃዬ ደግሞ ስብሰባ ሁሉ በሰላም መጠናቀቁ እንዲጻፍ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ተጨቃጭቀን ተዋደን ተለያየን። ቀሪውን ዘመኔን እዚሁ ላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ጨረስኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ የጡረታው ወረቀት ብዙ ነበር፤ ሁለቱንም እዚህ ላይ ልተዋቸው።

ከሥራዬ ይዤው የወጣሁት ልማድ የወገዳውን ነው። ሰው ያለውን በትክክል መያዝ። ይህ ልማድ ለዜና በቂ ነበር። ለቤት ሽያጭ ግን እንደማይበቃ የተማርኩት ከጋሽ ደምሌ ነው።

ጋሽ ደምሌ የንፋስ መውጫ የቤት ደላላ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፎጣቸውን በጋም ክረምትም ከአንገታቸው የማይፈቱ ሰው። ገና ዘጋቢ ሳለሁ ስለ ድለላ ሥራ ላነጋግራቸው ሄጄ «እኔ የምለውን አትጻፍ፤ ከቻልክ የማደርገውን እየው» ብለው መልሰውኝ ነበር። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ሄድኩና «አሁን ለማየት ጊዜ አለኝ» አልኳቸው። ሳቁ። በዚያው አብረን ዋልን፤ ብዙ ዓመትም አብረን ሠራን።

የተዘጋ ቤት ሲሰጣቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት እሳት ማንደድ ነበር። ደጋ ላይ ሰው ያልኖረበት ቤት ብርድ ይጠጣል፤ ሽታውም ይለወጣል። ገዢ ከመምጣቱ በፊት ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ሁሉ ከፍተው ምድጃው ላይ ደረቅ ወይራ ያነዳሉ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ቀለም አስቀብተው አይሸፍኑትም። በጭድ የተቦካ ጭቃ ሰንብቶ ከበሰለ በኋላ ስንጥቁን ያስሞላሉ፤ ከደረቀ በኋላ ግድግዳውን ሁሉ አንድ ዓይነት ኖራ ያስቀባሉ። «አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ከሆነ ገዢው እጁን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። ሌላው ደላላ ዝናብ ሲመጣ ገዢን ይሸሻል፤ እሳቸው ዝናብ ሲጥል ስልክ ያነሳሉ። «ቆርቆሮው ሳያፈስ ይየው፤ ካፈሰሰም ዛሬ ይወቀው።»

ወገዳ ያለች አንዲት ቤት አልሸጥ ስትል እኔን ላኩኝ። ግቢውን አስጠረግሁ፤ የአህያ ማሰሪያውን ችካል አስነቀልኩ፤ ጓዳውን የሞላውን የጭቃ ጎታም አስፈርሼ አወጣሁ። ቤቱ ሰፋ፣ አማረ። ገዢ ግን ጭራሽ ጠፋ። ጋሽ ደምሌ መጥተው ዙሪያውን አዩና «እዚህ ቤት የሚገዛው ማን ነው?» አሉኝ። ልጆቹን ከተማ ሊያስተምር የሚፈልግ ገበሬ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ታዲያ ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ አህያውን የት ሊያስር ነው? ራስህ ላይ?» አሉ። ችካሉን በገዛ እጄ መለስኩት። ጎታውን ደግሞ አንዲት ባልቴት አዲስ ሠርተውልን ቤቱ በቀጣዩ ገበያ ተሸጠ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሥራውን ያወቅሁ መሰለኝ። የእትዬ አስካለ ቤት የመጣው ያን ጊዜ ነው።

እትዬ አስካለ ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ፈንታሁን የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤቱንም አጥሩንም የሠሩት በእጃቸው ነው። ረጅም ጊዜ ታመው እዚያው ቤት አረፉ። እትዬ አስካለ ከዚያ በኋላ ከጓሮ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ገብተው ትልቁን ቤት ማከራየት ጀመሩ። ተከራይ ይገባል፣ ብዙም ሳይቆይ ይወጣል። በኋላ ሊሸጡት ወሰኑ። ምክንያታቸው እህታቸው ነበሩ። ታናሽ እህታቸው በለጡ አርብ ገበያ ከተማ ብቻቸውን በአንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። ወደ ንፋስ መውጫ እንዲመጡ ቢለመኑ «እኔ እዚያ ብርድ ላይ አልሞትም» አሉ። ስለዚህ ቤቱ ሲሸጥ በበለጡ ግቢ አንድ ክፍል ተቀጥሎ እትዬ አስካለ ሊሄዱ ነው የተቆረጠው። ቤቱ እስኪሸጥ በለጡ ብቻቸውን ናቸው።

በዚያ ዓመት ጋሽ ደምሌ ለሕክምና እስቴ፣ ልጃቸው ዘንድ ከርመው ስለነበር ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤቱ ጠንካራ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ደህና፣ ውሃ በግቢው። ሰዎች እየመጡ ያያሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይሄዳሉ፣ አይመለሱም። እኔም እንደ ልማዴ እያንዳንዱን «ያልወደዱት ምንድን ነው?» እያልኩ ጠየቅሁ። አንዱ «የግቢው በር ጠባብ ነው» አለኝ። በሩን አሰፋነው፤ የብረት ምሰሶውን ነቅለን ወደ ዳር አወጣነው። ሌላው «ባሕር ዛፉ ግቢውን አጨለመው» አለ። ባሕር ዛፉን አስቆረጥን። አንዲት መምህርት ደግሞ «ማድ ቤቱ ራቀ» አሉ። ሌላ ማድ ቤት ከቤቱ ጎን አስጠጋን።

እትዬ አስካለ በአዲሱ ማድ ቤት ደጃፍ ቆመው ጭቃውን ከእጃቸው እያራገፉ «እንግዲህ ቀጥሎ የሚመጣው አስካለ አልተመቸችኝም ካለህ ምን ልታደርገኝ ነው? ታስቆርጠኛለህ?» አሉኝ።

«እርስዎን ወደ ዳር አወጣለሁ» አልኳቸው።

ስንስቅ ከአርብ ገበያ የመጣ ዘመዳቸው በሩን አንኳኳ። በለጡ ሻይ ሊጥዱ ሲሉ ምድጃው ላይ ወድቀው እጃቸው ተቃጥሏል። እትዬ አስካለ የነርስ ቦርሳቸውን አንስተው ያኔውኑ ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ሳቅ አልነበረም። «ያን ሁሉ ሠራን፤ እኔ ግን አሁንም እዚህ ነኝ» አሉ።  እኔ ግን ገዢዎቹ ያሉትን ሁሉ አድርጌ ነበር።

ጋሽ ደምሌ የተመለሱት በጥር ነው። በዚያ ወር ንፋስ መውጫ ላይ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ይነሣና እስኪመሽ አይተኛም፤ ለከተማዋ ይህ ስም እንዲያው አልወጣላትም። ያለፈውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሙኝና «ነገ ገዢ አለህ?» አሉ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ጠዋት ሊመጡ ነበር።

ጋሽ ደምሌ ከገዢ ጋር ቤት ውስጥ ገብተው አያውቁም። ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፎጣቸውን እየጠቀለሉ ይጠብቃሉ፤ ገዢው ሲወጣ ተነሥተው ባጃጅ እስኪያገኝ ይሸኙታል። እኔ ይህን የአክብሮት ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ያን ቀንም እንዲሁ አደረጉ። ባልና ሚስቱን ሸኝተው ተመለሱ።

«ላንተ ምን አሉህ?» አሉኝ።

«ማድ ቤቱን ወደዱት፤ ቤቱ ግን ከትምህርት ቤት ይርቃል አሉ።»

«ልጅ እኮ የላቸውም።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሰው ቤት ውስጥ ሳለ የሚያወራው ለባለቤቱ ነው» አሉ። «ለሚስቱ የሚያወራው መንገድ ላይ ነው። ትናንት አመሻሽ ብቻቸውን መጥተው በአጥሩ ሥር ቆመው ነበር። ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሁሉ ሳይጠራ ተመልሶ ያያል። ቤቱ ሲያቃስት ሰምተዋል።»

«ምን ሲል?»

«ሲያቃስት። ፈንታሁን እንዳለቀሰ አለ ይባላል። አንተ አልሰማህም?»

አልሰማሁም። ብርሃኑ ያምራል ብዬ ቤቱን የማሳየው ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ጠዋት ደግሞ ነፋስ የለም። ወደ ጎረቤታቸው ወደ የውብዳር ሄድኩ። የውብዳር ባቄላ እየፈለፈለች ሳትደነግጥ መለሰችልኝ።

«ሁላችንም እንሰማለን። ተከራዮቹም የወጡ በሱ ነው። በሩን ካሰፋችሁ ወዲህማ ባሰበት።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩንም?»

«ለማን? ለእትዬ አስካለ? ባልሽ ከመቃብር ሆኖ ያቃስታል ብዬ? ምን ሁኜ!»

«ለእኔስ?»

«አንተማ ጋዜጠኛ ነህ። ላንተ መንገር ለአገር መንገር አይደል?»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ጠባብ በር፣ ጨለማ ግቢ፣ ሩቅ ማድ ቤት፣ ሩቅ ትምህርት ቤት፤ ሁሉም የይሉኝታ መልስ ነበር። የሞተባትን ሴት ላለማስቀየም የተነገረ። እኔ ደግሞ የተባለውን በትክክል ይዤ፣ በትክክል አስፈጽሜ ባሕር ዛፉን አስቆረጥኩ፤ ምሰሶውንም ከዛፉ ከለላ አውጥቼ ነፋሱ ላይ አቆምኩት። በዘጋቢነት ዘመኔም በድለላ ሥራዬም ከዚህ የከፋ ስህተት አላስታውስም። አንድም የተሳሳተ ቃል ሳልይዝ የተሳሳትኩት ነው።

ምሰሶው መሆኑን ግን ያን ጊዜ እኔም ጋሽ ደምሌም አላወቅንም ነበር። ያወቅነው ለእትዬ አስካለ ከተነገራቸው በኋላ ነው። ማን ይንገራቸው በሚለው ላይ ቀኑን ሙሉ ተከራከርን። እኔ ተከራዮቹን አንድ በአንድ ፈልጌ ላነጋግር አልኩ። ጋሽ ደምሌ «የሁሉንም ሰው ቤት ዞረህ የእሷን ብቻ ነው የዘለልከው» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሄድን። እትዬ አስካለ ለበለጡ የሚልኩትን ፋሻ አጥበው ያሰጡ ነበር። ጋሽ ደምሌ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ፎጣቸውን ከአንገታቸው ፈቱት። ሲፈቱት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አስካለ፣ ደግ ነገር አይደለም የምነግርሽ።»

«በለጡ ሞተች?»

«አይ፣ አይ፣ በለጡ ደህና ናት። የቤቱ ነገር ነው። ሰው የማይገዛው ፈንታሁን ያቃስታል እያለ ነው። አመሻሽ ላይ ድምፅ አለ ይላሉ።»

እትዬ አስካለ ያጠቡትን ፋሻ ጨምቀው ጨርሰው አሰጡት። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ።

«ፈንታሁን ሲታመም አላቃሰተም» አሉ። «ጎረቤት እንዳይጨነቅ ጥርሱን ነክሶ ነው የሄደ። አሥር ጊዜ አቃስት፣ ይቅልልህ እለው ነበር። አላቃሰተም። እና አሁን፣ ሞቶ ነው የሚያቃስተው?»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ኑ» አሉን።

ወደ በሩ ወሰዱን። ነፋሱ ተነሥቷል። ድምፁንም ያን ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ሲቃ የያዘው ሰው የሚያወጣው ዓይነት።  እትዬ አስካለ ከበሩ ጎን በየውብዳር አጥር ሥር ያለችውን ድንጋይ ረግጠው ወጡና በቀኙ የብረት ቧንቧ ምሰሶ ጫፍ ላይ መዳፋቸውን ደፉበት። ድምፁ ቆመ። መዳፋቸውን አነሡ። ጀመረ። እንደገና ደፉበት። ቆመ።

«የግራው ጫፉ ተደፍኗል» አሉ ከላይ ሆነው። «ይሄን ግን ክፍት የተወው መብራት ላቆምበት ነው ብሎ ነው። ሽቦው በውስጡ ያልፋል ይለኝ ነበር። ሳያቆመው ታመመ። እኔ ነፋስ ሲሆን ይሄ ድምፅ ይሰማኛል፤ እንቅልፍም ያመጣልኛል። ሰው ይፈራዋል ብዬ እንዴት ልወቅ? ማን ነገረኝ?»

ከዚያ ድንጋዩ ላይ እንደቆሙ አለቀሱ። ጋሽ ደምሌ እንዲወርዱ ወደ ላይ እጃቸውን ዘረጉላቸው።

እኔ ያኔውኑ ጨርቅ ፈልጌ ልደፍነው ስል ጋሽ ደምሌ ከለከሉኝ። «እኛ ደፍነን ዝም ብንል ሟቹ ለጊዜው ተኛ ነው የሚባለው» አሉ። «የሰማ ሁሉ መጥቶ በእጁ ይድፈነው።»

እትዬ አስካለ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ ተራ በተራ በአባላት ቤት ይጠጣል፤ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ሰዎቹ «አትቸገሪ፣ በደጀ ሰላሙ ይሁን» እያሉ ቆይተው ነበር። እሳቸውም እውነት መስሏቸው ያመሰግኑ ነበር። በዚህ ወር ግን «እኔ ቤት ነው፤ ደግሞ ከቀትር በኋላ» አሉ። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተደፋ። ሰዎቹ መጡ፤ አንዱም ግን ግድግዳውን ተደግፎ አልተቀመጠም። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን እንደባረኩ ነፋሱ ተነሣና ምሰሶው ጀመረ። ጽዋ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ።

እትዬ አስካለ ተነሥተው «የፈንታሁንን ድምፅ የሰማችሁ ሁሉ ኑ፣ ውጡ» አሉ። ሰው ይጠፋል ብዬ ሰጋሁ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቀድመው ወጡ፤ ከዚያ ማን ይቀራል? ከበሩ ሲደርሱ እትዬ አስካለ ድንጋዩን አሳይተው «አባ፣ እጅዎን ይድፉበት» አሏቸው። ቄሱ ወጥተው ደፉበት። ዝም አለ። አነሡት። ጮኸ። ደፉበት። ዝም አለ። ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው «እኔ ጸሎቴ ደርሶ መስሎኝ!» አሉ።

ያን ጊዜ የተነሣው ሳቅ እስከ አስፋልቱ ተሰምቷል። ከዚያ ወረፋ ሆነ። የውብዳር ሁለት ጊዜ ወጣች። አንዱ ጎልማሳ «ፈንታሁን ቧንቧ ሲሠራ ውሃ አይወጣም፣ ነፋስ ነው የሚወጣ ብያችሁ አልነበረም?» ብሎ ሲያላግጥ እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ መቱት። መጨረሻ ላይ ቄሱ ራሳቸው የቡሽ ክዳን ወተፉበት። ጽዋው እንደገና ሲጀመር ሰዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ይህን ልብ ብዬ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ የሚወራው ሌላ ሆነ። ሰው ቡሹን ነቅሎ ሊሞክር ይመጣ ጀመር። ከመጡት መካከል ሙሉቀን የሚባል የስማዳ ገበሬና ባለቤቱ የሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ንፋስ መውጫ ሊማሩ ነው። የሺ ምሰሶውን ሞክራ ስቃ ስታበቃ ግቢውን ዞረች። «አህያ የት ይታሰራል?» አለችኝ። ከጓሮ ያለውን ችካል አሳየኋት፤ ያንን እንኳ አልነቀልኩትም ነበር። ስትወጣ ጋሽ ደምሌ ሸኟት፤ ተመልሰውም «ለባሏ የነገረችው ያንኑ ላንተ የነገረችህን ነው። ይገዛሉ» አሉኝ። ገዙ።

በርክክቡ ቀን እትዬ አስካለ «ቤቱን ሸጫለሁ፤ ይችን ብረት ግን አልሸጥኩም» አሉ። ሙሉቀን አንድ ቃል አልተከራከረም። ምሰሶውን ነቅሎ በምትኩ የባሕር ዛፍ ግንድ ተከለ። ብረቷ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስራ አርብ ገበያ ወረደች።

ጋሽ ደምሌ ዓምና አረፉ። ሬሳቸውን የሸኘ ሰው ብዛት ብዙ ሰው ከቤት ያገናኙ ሰው መሆናቸውን ይናገር ነበር። እኔ ለእሳቸው ያለብኝን ምስጋና በሕይወት ሳሉ ነግሬአቸዋለሁ፤ «ሥራህን ሥራ» ብለው ነው ያለፉት። ለወገዳው አለቃዬም ምስጋናዬ አልጎደለም። «ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፤ «የት ሆኖ አለ?» የሚል ጨመርኩበት እንጂ።

ሥራ ካቆምኩ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩት አርብ ገበያ ነው። ገበያው እየተበተነ ነበር። ግቢውን ሳልጠይቅ አገኘሁት፤ ምሰሶዋ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ተተክላለች፤ ከአናቷ ላይ ትንሽ የፀሐይ መብራት ተቀምጦባታል። እትዬ አስካለ የለበሱት ሽርጥ ዱቄት ነክቶታል። በለጡ በደጃፉ ተቀምጠዋል፤ የተቃጠለ እጃቸው ጠባሳው ቀርቷል እንጂ ድኗል።

«አሁንስ ድምፅ አላት?» አልኩ።

«በአናቷ ላይ መብራት ተቀምጦ በየት ታቃስታለች?» አሉ እትዬ አስካለ። «ፈንታሁን እንዳለው ሽቦው በውስጧ ነው ያለፈ።»

እየመሸ ሲሄድ መብራቱ ራሱ በራ። በለጡ ቀና አሉ። የእኔን ፊት ማየት አይችሉም፤ ከገባሁ ጀምሮ የሚያዩኝ በድምፄ ነው። ወደ መብራቱ ግን በቀጥታ ዞሩ።

«እኔ ከዚህ ሁሉ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው» አሉኝ። «ከእሱ በስተቀኝ የእኔ ክፍል ነው፣ በስተግራ የአስካለ። ይበቃኛል።»

ከዚያ ተነሥተው በትር ሳይዙ፣ እጅ ሳይፈልጉ፣ በመብራቱ በስተግራ በኩል አልፈው ወደ እህታቸው ክፍል ገቡ።